ዘጠነኛዋ ጥያቄ

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አይ-ትዌንቲው (ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ኮሌጁ የሚልከው ወረቀት) መጣለትና በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አዘነበብኝ። ላፕቶፕ እዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ? ብርድ ልብስ ልያዝ? በርበሬ ኤርፖርት ላይ ይቀሙኛል? ሁሉንም አንድ በአንድ መለስኩለት። መጨረሻ ላይ «ፈተና ደርሶ ጭንቀት ላይ ነኝ፣ ቆይቼ እደውላለሁ» ስለው ሳቀብኝ።

«አንቺ ደግሞ! አሜሪካ ተቀምጠሽ ምን ያስጨንቅሻል? ጭንቀትስ እዚህ አለልሽ፤ ዘይት ስንት እንደገባ ብታይ!»

አልተቆጣሁም። ከመምጣቴ በፊት እኔም እንደሱ ነበርኩ። ደሴ እያለሁ ጭንቀት የሚባል በሽታ አላውቅም። የማውቀው ጨጓራ ነው። የአባቴ ሱቅ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጨጓራው ይነሳል። ጎረቤታችን ከባሏ ጋር ስትኮራረፍ ጨጓራዋ ይነሳል። እኔም ማትሪክ ሲደርስ ጨጓራዬን ይዤ ተኛሁ። ነገሩ ከዚያ ካለፈ ደግሞ «አማኑኤል» ነው። መሃል የለም። ወይ ጨጓራ፣ ወይ አማኑኤል።

እኔን ያዋረደኝ ያ የጠፋው መሃል ነው። እሱን ላውራችሁ።

የመጣሁት በነሐሴ 2013 ነው፤ ሚኒሶታ፣ አንዲት ትንሽ የኮሌጅ ከተማ። «ብርዱን ትችይዋለሽ ወይ?» ሲሉኝ እፎክር ነበር። የደሴ ልጅ ነኛ! ጦሳ ተራራ ሥር ያደግኩ፣ በሐምሌ ጭጋግ ፊቴን ሳላይ ትምህርት ቤት የሄድኩ። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲመጣ ፉከራዬን በጋቢ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ብርዱስ ይሁን፣ ጃኬት አለው። ያልጠበቅኩት ጨለማውን ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከክፍል ስወጣ መንገዱ መብራት በርቶበታል። ምሳዬ ሆዴ ውስጥ ሳይሟሽሽ ሌሊት!

ሁለት ወር ከምናምን እንደሆነኝ፣ በጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ስልክ ጠፋ። መንግሥት ኅዳር 27 ላይ ደሴንና ኮምቦልቻን መልሼ ያዝኩ እስኪል፣ ከዚያም በኋላ መስመሩ እስኪመጣ፣ የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። እዚህ ብዙ አላወራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሚገርመኝ እኔ ነኝ። አንድ ክፍል አልቀረሁም። የላብራቶሪ ሪፖርቴን በሰዓቱ አስረከብኩ። ኬሚስትሪ ኤ አገኘሁ! የክፍል ጓደኛዬ «ሃው አር ዩ?» ስትለኝ «ጉድ» እላለሁ። እሷም መልሱን ሳትሰማ አልፋ ትሄዳለች፤ እዚህ ሰላምታ እንደዚያ ነው። ግን እኛስ ምን ለየን? እኛ አምስት ደቂቃ ቆመን፣ ስለ ልጁም ስለ ከብቱም ጠይቀን፣ መጨረሻ ላይ ያው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና» ነው። ውሸቱ አንድ ነው። የእኛ ረዘም ይላል እንጂ።

የታመምኩት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። ቤተሰቦቼ ተርፈው፣ ስልክ መጥቶ፣ እናቴ «አብሽሪ፣ እኛ ደህና ነን» ካለችኝ በኋላ። የካቲት ላይ ራሴን ያመኝ ጀመር። እንቅልፍ የለም። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አነባለሁ፣ ምንም አይገባም። ምግብ አስጠላኝ። ለእናቴ «ትንሽ ራሴን» ስላት «ዓይን ነው» አለች። ዳማከሴ አሹልኝ ብዬ ማንን ልለምን? ከዚያ በላይ ደግሞ መናገር ነውር መሰለኝ። በጦርነት መሃል ስንት ቀን ደጅ ሳትወጣ የከረመች ሴት ፊት የራስ ምታት ይወራል? ሞቆሽ ተኝተሽ፣ ጠግበሽ በልተሽ! አፌን ያዝኩ።

አንድ ቀን የራስ ምታት ክኒን ልቀበል የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ሄድኩ። ክኒን ብቻ! ፀሐፊዋ «እስክትጠሪ ይህን ሙይ» ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንዲህ ያለ ነገር ምን ያህል አስቸግሮሻል ይላል። ዜሮ ማለት በጭራሽ፣ 3 ማለት በየቀኑ ማለት ይቻላል። በኋላ እንደሰማሁት ይህ መጠይቅ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ነው፤ በአማርኛም ተተርጉሞ አገር ቤት ተሞክሯል። ያኔ ግን የመግቢያ ፎርም መስሎኝ ነበር።

አንደኛው «ነገሮች ደስታ አልሰጥ ብለውሻል?» ይላል። ደስታን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ዜሮ። «ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ?» አልሐምዱሊላህ፣ ተስፋ መቁረጥማ ሐጢአት ነው። ዜሮ። እንቅልፍ? የእንቅልፍ ነገር ለማያውቁት ሰው ይነገራል? ዜሮ። ምግብ? ዜሮ። እንዲህ እያልኩ ስምንቱን በዜሮ አሰለፍኩ። ዘጠነኛዋ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። «ሞቼ በተገላገልኩ ብለሽ አስበሻል?» የምትል ነው ነገሯ። በመጨረሻ የማውቀው ቋንቋ! ጠዋት አላርሙ ሲጮኽ የምለው፣ ሒሳብ አልሠራ ሲለኝ የምለው፣ እናቴ ወተት በገነፈለባት ቁጥር የምትለው። ሐቀኛ ልሁን ብዬ 3 አከበብኩ። ራስን ስለመጉዳት የሚለውን ቀጣይ ሐረግ ልብ ብዬ አላነበብኩትም። በፈገግታ መለስኩላት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሳስብ እስካሁን ጆሮዬ ይግላል።

ፀሐፊዋ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ተነሳች። አንዲት ነርስ መጥታ በለስላሳ ድምፅ፣ ሕፃን እንደምታባብል፣ ሌላ ክፍል ወሰደችኝ። ቦርሳዬን «እኔ ልያዝልሽ» አለች። እንግዳ ተቀባይነት መስሎኝ አመሰገንኩ። በሩ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ክኒኑስ?» እላለሁ፤ «ሰው እየመጣ ነው» ትለኛለች። አንድ ሰዓት ሞላኝ። ሽንቴ መጣ። ስነሳ ተነሳች። ስሄድ ተከተለች። ሽንት ቤቱ ጋ ስንደርስ ቀስ ብላ «በሩን አትቆልፊው፣ እዚህ ነኝ» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። እብድ ተብዬአለሁ! እኔ፣ የደሴ ሸዋ በር ልጅ፣ ሽንት ቤት በዘበኛ! ውስጥ ቆሜ ሽንቱም ጠፋ። አገር ቤት ቢሰማስ? አባቴ ሱቅ ላይ ሰው «ልጅህ እንዴት ናት?» ሲለው ምን ይላል?

ሐኪሟ ስትመጣ በድንጋጤ እንግሊዝኛዬ በኖ ጠፋ። «አስተርጓሚ ይደወልልሽ?» አለች። እሺ አልኩ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አንዲት ሴት በሚያምር አማርኛ «ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ፣ የሚነገረው ሁሉ በምስጢር ይያዛል» አለች። ሐኪሟ ረጅም ጥያቄ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ትርጉሙን ተወችና፦

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? በሞቴ እንዲህ አታስቢ!»

«ኧረ ምንም አላሰብኩም! ‘ሞቼ በተገላገልኩ’ የምንለውን እኮ ነው የሞላሁት።»

«እሱን ነው እንዴ? የት አገር ልጅ ነሽ?»

«የደሴ።»

«ያረቢ! እኔ ኮምቦልቻ!»

ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ያለ ሰው! ከዚህ ሁሉ የዓለም ሕዝብ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ (ይኸው፣ ደግሞ አልኩት)። ሐኪሟ አንዴ እኔን አንዴ ስልኩን ታያለች። «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ሺ ሴይስ ኖ» አለች። ልብ በሉ፣ እሷም «በሞቴ» ብላለች። ደግነቱ አልተረጎመችውም።

ኋላ አማካሪዋ መጣችና ተረጋግተን ተነጋገርን። እኛ አገር ሞት ቅመም ነው አልኳት። «ልሙትልሽ» ፍቅር ነው። «አፈር ስሆን» ልመና ነው። «እኔን ይድፋኝ» አይዞሽ ማለት ነው። «እናትህ ትሙት» መሐላ ነው። ፊቷ ሲቀያየር ብታዩ! ከሳቀች በኋላ ግን «እሺ፣ አሁን እንደገና እንሙላው፤ ስምንቱን እንደዘጠነኛዋ በሐቀኝነት» አለችኝ። እንቅልፍ፣ 3። ምግብ፣ 3። ማንበብ አለመቻል፣ 3። ሲደመር 16 ከ27 መጣ። ዘጠነኛዋ በዚህኛው ዜሮ ናት። በመጀመሪያው ወረቀት በጠቅላላ ያገኘሁት 3 ነበር፤ እሱም በሙሉ ከሞት። የታመምኩበትን ደብቄ ያልታመምኩበትን ነው ያስመዘገብኩት። ከ15 በላይ ሲሆን ቀላል እንዳልሆነ ነገረችኝ። ስሙ ድባቴ ነው። ጨጓራም አማኑኤልም አይደለም።

ለምን ካለፈ በኋላ መጣብኝ ብዬ ጠየቅኳት። ሰውነት ሲደነግጥ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል፣ ከጅብ ለማምለጥ ይጠቅማል፣ ለወራት ሲለቀቅ ግን እንቅልፍን፣ ሆድንና ትውስታን ይበላል አለች። አደጋው ላይ እያለን ቀጥ እንላለን፤ ድካሙ የሚሰማን ስንቀመጥ ነው። ሀረጎን ወጥቶ ጫፍ ላይ ሞተሩ እንደሚነድ መኪና ማለት ነው፣ በእኔ አተረጓጎም።

መድኃኒቱ ግን አናደደኝ። ተኚ። ብዪ። በብርሃን ሰዓት ተራመጂ። ጠዋት ጠዋት 10,000 ሉክስ የሚባል መብራት ፊት ግማሽ ሰዓት ተቀመጪ። ይህን አያቴ በነፃ ትለኝ ነበር፣ ከመብራቱ በቀር! (አንዳንዱ ክኒን ይታዘዝለታል፤ እኔ አልታዘዘልኝም። ቢታዘዝም ነውር የለውም።) ስልክ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አጥፊ ስትለኝ ግን ተጣላን። በብርዱ ወራት ሚኒሶታ ከእኛ 9 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እናቴ ቁርስ አቅርባ፣ ቡናዋን አፍልታ የምትደውልበት ሰዓት ነው። እንዴት ላጥፋው? ተደራደርን። በሳምንት ሁለት ቀን።

ደግሞ «የድጋፍ ቡድን ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ በተራ የልባቸውን ያወራሉ፣ ሌላው ይሰማል። የወሎዋ ወዳጃ፣ ተሰብስበን ዱዓ የምናደርግባት፣ ናት እኮ! ዕጣን የላት፣ ቡና የላት፣ ዱዓ የላት እንጂ። አንዱ ልጅ ለማያውቀን ሰዎች የአባቱን ጉድ ሁሉ ዘረገፈው፤ የጎረቤቱን ስም ግን አያውቅም። እኛ የጎረቤታችን ድስት ውስጥ ያለውን እናውቃለን፣ የራሳችንን ሆድ ግን ለማንም አንናገር። ማን ከማን ይሻላል፣ እናንተ ፍረዱ።

እናም የአክስቴ ልጅ፣ ላፕቶፑን እዚህ ግዛ። ብርድ ልብሱን ተወው። እኔ ልነግርህ የምፈልገው ሌላ ነው። ትምህርት ላይ እያለህ ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድልህም፤ በዚያች 20 ሰዓት ቤተሰብ እረዳለሁ፣ እጦራለሁ ብለህ ቃል አትግባ። እኔ ሳህን አጥባለሁ። እቤት ላይብረሪ እንደምሠራ ነው የሚያውቁት፣ አንተም ዝም በል። ስትታመም ደግሞ ኮርስ ዝም ብለህ አትጣል። ቪዛችን ቢያንስ 12 ክሬዲት ይፈልጋል። በሕመም መቀነስ ይቻላል፣ ግን የሐኪም ወረቀት ይዘህ መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ማስፈቀድ አለብህ። እኔ አንድ ኮርስ የጣልኩት አስፈቅጄ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ሳያስፈቅድ ጥሎ ያየውን መከራ አላወራልህም። ክሊኒክ ከሄድክ «አባቴ ጋ ይደውላሉ» ብለህ አትፍራ። ያንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር ምስጢርህ ያንተ ነው።

ለፈተና ጫት አይታሰብም፣ እዚህ ወንጀል ነው። እነሱ ግን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የትኩረት ክኒን ሲቀባበሉ ታያለህ። «ይህስ ምርቃና አይደለም?» ብትላቸው አይገባቸውም። አትቀበል።

ዘጠነኛዋን ጥያቄ በተመለከተ፣ በአፍ የሚባለውና ሌሊት ብቻን ሆኖ የሚታሰበው አንድ አይደለም። የአፉን አትሙላ። ያኛው ከመጣብህ ግን ሳታፍር 3 ክበብ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ 988 የሚባል ቁጥር አለ፤ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ። ለእኔም ደውል። እኩለ ሌሊትም ቢሆን።

እናቴን የነገርኳት ባለፈው ክረምት ደሴ ስሄድ ነው። ቶናው ላይ ጀምሬ በረካው ላይ ጨረስኩ። ሽንት ቤቱ ጋ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። እሷ ስኒዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«ይሄ ነው ያሳፈረሽ? እኔ ስንት ዓመት በሌሊት ባትሪ ይዤ ጓሮ በር ላይ ቆሜልሽ የለ! ‘እማ አለሽ?’ ትዪኛለሽ፣ ‘አለሁ’ እልሻለሁ።»

ፍሙን በመቆስቆሻ ነካ ነካ አደረገችው። ቆይታ ደግሞ፦

«ለመሆኑ ያቺ ልጅ እስክትወጪ ቆማ ነው የጠበቀችሽ? እዚያ ጋ ወንበር እንኳ የላቸውም?»