ጂቲ 610 ገና ይሠራል

ዛሬ ሂርማታ አካባቢ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ሥራ ካላት እህታችን ጋ ዋልኩ። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ በሚጎርፍበት ሰሞን የአንዱ ኮምፒውተር ስክሪን ጨለመባት። የሚሠራው በኡቡንቱ 22.04 ነው፤ እንደ ዊንዶውስ ያለ ነፃ ስርዓተ ክወና። ከርነሉ (የስርዓቱ እምብርት) ሲታደስ የኤንቪዲያ ድራይቨሩ (የስክሪን ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ከአዲሱ ጋር አልገጠመም። ካርዱ አርጅቷል፣ ቀይሪው ብለዋታል። በዚህ ኑሮ!

ካርዱ ጂፎርስ ጂቲ 610 ነው። ቁጥሩን ያየ ሰው 470 የሚባለውን የድራይቨር ዝርያ ይጭናል፤ እንደ ብዙዎቹ የ600 ቤተሰብ ካርዶች ኬፕለር የሚባለው የኤንቪዲያ ቺፕ ትውልድ ይመስላላ። ውስጡ ያለው ቺፕ ግን ከኬፕለር የቀደመው የፌርሚ ትውልድ ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ኤልኤስፒሲአይ (lspci) ብላችሁ እዩት። የቺፑ ስም በጂኤፍ (GF) ከጀመረ ፌርሚ ነው፣ በጂኬ (GK) ከጀመረ ኬፕለር። ለፌርሚ የሚሆነው 390 ድራይቨር ነው። ኤንቪዲያ የእሱን ድጋፍ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ለወጡት ከርነሎች በጎ ፈቃደኞች ካላስተካከሉት አይገጥምም። እነዚህን ሰዎች ከልቤ አመሰግናለሁ።

እኛ ወደ 5.15 ከርነል ተመልሰን 390ን ጫንን። ስክሪኑ መጣ። ኡቡንቱ 22.04 እስከ 2027 እ.ኤ.አ. የደህንነት ማሻሻያ ስለሚያገኝ ለጊዜው ስጋት የለባትም።

ኑቮ የሚባለው ነፃ ድራይቨርም አለ። ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ በዝማኔ እንዲህ አያስቸግርም። ለጽሑፍ ሥራ ይበቃል፤ የፌርሚ ካርድን ግን በሙሉ ፍጥነቱ አያሠራውም።

ጅማ ያላችሁ፣ "ሞተ" የተባለ ካርድ ካላችሁ ከመጣላችሁ በፊት የቺፑን ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አብረን እናየዋለን።