በዓድዋ ቀን የወደቅኩት ፈተና

ዲቪ የደረሰው የአክስቴ ልጅ ትናንት በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። «እታለም፣ ኢንተርቪዩ እየደረሰ ነው። ከበርበሬና ከሽሮ ሌላ ምን ይዤ ልምጣ? እንግሊዝኛው አያሳስብሽ፣ ፊልም ያለ ሰብታይትል ነው የማየው» ይላል። ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ያቺ የማርች ጠዋት ትዝ አለችኝና ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም ነው። «ቢሮ ነው አይደል?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ቢሮ አይደለም። ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። እዚህ አገር ጉርሻም በሰዓት ይከፈልበታል።

እዚያ ቤት ቁርስ ላይ በየቀኑ አንድ ወረቀት ይታደላል። ዛሬ በታሪክ ምን ሆነ፣ የዕለቱ ቃል፣ ሁለት ሦስት የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ። አዛውንቶቹ ከመድኃኒታቸው አብልጠው ይጠብቁታል። የእኛ አገር ሽማግሌ ቡና ላይ ጎረቤቱን ያማል፣ የእነሱ ናፖሊዮንን።

ማርች 1 ቀን ወረቀቱን የምታነበው ልጅ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። «ዛሬ የአንቺ ቀን ነው! ኢትዮጵያ ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ያሸነፈችው መቼ ነው?» የያዝኩትን የኦትሚል ሳህን አስቀምጬ፣ እንደ ስድስተኛ ክፍል ተማሪ ጣቴን አውጥቼ፣ «1888!» ብዬ ጮኽኩ።

ዝም አሉ። ልጅቷ ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች። «ኦ፣ ቀርበሻል» አለችኝ፣ ሽንት ቤት ለመድረስ ትንሽ ለቀረው ሕፃን በሚባልበት ድምፅ። ወረቀቱ ላይ ያለው 1896 ነው። አንዲት እናት ለጎረቤታቸው «የአገሯን ታሪክ አታውቅም እንዴ?» ብለው ሹክ አሉ። ጆሯቸው ስለማይሰማ ሹክሹክታቸው ማዕድ ቤት ድረስ ይሄዳል።

ደሜ ፈላ። የእኛ አቆጣጠር ሌላ ነው፣ በሰባት በስምንት ዓመት ይለያያል ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። «ታዲያ አገርሽ ስትገቢ በስምንት ዓመት ታንሻለሽ?» አሉኝ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ «ደግሞም በዓሉ ዛሬ አይደለም፣ ነገ ነው፤ ማርች 2 ነው የምናከብረው» አልኩ።

ይሄኔ መስኮቱ ሥር የሚቀመጡት ጡረተኛ የታሪክ አስተማሪ መነጽራቸውን አወለቁ። «ውጊያው ማርች 1 ከሆነ ለምን ማርች 2 ታከብራላችሁ?»

መልስ የለኝም። ዕድሜ ልኬን የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ስዘምርና ስፎክር ይህን ጠይቄ አላውቅም። ሰውዬው ግን አልለቀቁኝም። በየአራት ዓመቱ የምትጨመረዋን ቀን የት ነው የምታስገቧት? አሉ። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ትሆናለች አልኳቸው። ሳትዘል? ሳትዘል። ናፕኪን ስበው ጻፍ ጻፍ አደረጉና ሳቁ። የእነሱ አቆጣጠር መቶ ዓመት ሲሞላ፣ ለ400 ካልተካፈለ በቀር፣ ያቺን ቀን ይዘላታል። 1900 ላይ ዘለሏት፣ እኛ አልዘለልንም። ስለዚህ በ1896 ከማርች 1 ጋር የገጠመው የካቲት 23 አሁን ማርች 2 ላይ ይውላል።

1888ቱን ለራሴ ይቅር ብያለሁ። የራሴን ጳጉሜን፣ ስሟን ከአምስት ደቂቃ በፊት ከእኔ አፍ የሰማ ፈረንጅ ሲያስረዳኝ አፌን ከፍቼ መስማቴ ግን እስካሁን ያቃጥለኛል።

ደግነቱ ቀጥለው ጦርነቱ በምን ተነሣ አሉኝ። ይህችንስ አውቃለሁ! በ1881፣ በእሳቸው 1889፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ሮም ይህንኑ ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አወጀች። ናፕኪኑን ገልብጬ ቃሏን በትልቁ ጻፍኩላቸው። ቆጠሩ፤ ስድስት ፊደል።

«ንጉሡ የቱ ጋ ናቸው?» አሉኝ። «ቸ» እና «ዋ» ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ። እዚህ ናቸው፣ ንጉሥ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚባሉት፣ ስለ እርስዎም ሳወራ እንዲሁ ነው የምለው አልኳቸው። አክብሮቱ ቃሉ ሆድ ውስጥ መሆኑ በጣም ደነቃቸው። ናፕኪኑ ዛሬም አልጋቸው ራስጌ ተለጥፏል፤ ተገልብጦ ነው የተለጠፈው፣ ልቤ ግን አላቅናው አለኝ።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የስድስት ደቂቃ ድምፅ ላክሁለት። በርበሬውን ተወው፣ እዚህ በየሱቁ ሞልቷል። መጀመሪያ የልደት ቀንህን አስተካክል አልኩት። የማውቀው ልጅ 1980 ተወልዶ ወረቀቱ ላይ ሳይቀየር እንዳለ ስለገባ ዛሬ መንግሥት ዘንድ በስምንት ዓመት ሸምግሏል። ሰው ሁሉ በአባትህ ስም ይጠራሃል፤ መጀመሪያ ሰሞን አባትህ መጥቶ እየመሰለህ ትዞራለህ። ቀጠሮ «ሦስት ሰዓት ከቀትር በኋላ» ሲሉህ የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኔ በዚህች አንድ ሥራ አምልጦኛል። ፊደላችሁ ስንት ነው፣ አሥራ ሦስተኛው ወር ምን ያህል ነው እያሉ ይጠይቁሃል፤ ያለ ሰብታይትል የምታየው ፊልም እዚያ ላይ አያድንህም። የዓድዋን ቀን ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ሸምድደህ ና፣ እኔ እንዴት እንደተዋረድኩ ሰማህ አይደል?

ማታ መልሱ መጣ።

«እታለም፣ አልገባኝም፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሽው? 1888 እኮ ነው!»