ዝና የአሌክስ ሮድሪጌዝን እጅ አሰረው?

አሌክስ ሮድሪጌዝ በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከቴክሳስ ሬንጀርስ ቡድን ጋር የ10 ዓመት፣ የ252 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈራረም የቤዝቦል ውዱ ተጫዋች ሆነ። ዝናው አሰነፈው እንዳይባል፣ በቀጣዮቹ ሁለት የውድድር ዘመናት 52 እና 57 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) መቷል። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት የተከለከለ አበረታች መድኃኒት መውሰዱን በ2009 አምኖ፣ ለዚያ ውል የሚመጥን መሆኑን የማስመስከር ጫና እንደነበረበት ተናገረ። እኔን ከልብ የሚያሳዝነኝ፣ ተሰጥኦ ሳያንሰው ስሙን ለመሸከም ሲል ራሱን መጉዳቱ ነው። በ2006 የጥሎ ማለፍ ፍልሚያ በኋላ የተዛወረበት የኒውዮርክ ያንኪስ ቡድን አሠልጣኝ ጆ ቶሬ ከዘጠኙ መቺዎች ስምንተኛ አድርጎ አሰለፈው፤ ይህም ለኮከብ ተጫዋች ዝቅ ያለ ተራ ነው፤ ፈጣን ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥታ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ በምትደርስበት በዚህ ስፖርት፣ ስለ ክብሩ የሚያሰላስል መቺ መዘግየቱ አይቀርም ብዬ አምናለሁ። ጥፋቱን በተናዘዘበት በ2009 ግን በጥሎ ማለፉ 6 ሆም ራን መትቶ ከያንኪስ ጋር ሻምፒዮን ሆነ።