«ድመቷ የት ነው የምታድረው?»

ዝናብና ሙቀት በሚፈራረቁባቸው ሳምንታት ክሊኒካችን በቁንጫና በመዥገር ይጨናነቃል። በዚያ ሰሞን ከምናያቸው ውሾች ብዙዎቹ ጅራታቸው ሥር ያለው ቆዳ እስኪላጥ ራሳቸውን አክከው፣ ባለቤቶቻቸውም እንቅልፍ አጥተው ነው የሚመጡት። በዚህ የተነሣ መከላከያውን ማሳከኩ ከመጀመሩ በፊት እንዲያስጀምሩ ለደንበኞቻችን አጥብቀን እንነግራለን፤ እኔም በምክሩ ከልቤ ስለማምን በየካርዱ ላይ በእጄ እጽፈው ነበር። አንዲት እናት ምክሩን ሰምተው ከተገበሩት ጥቂቶች አንዷ ነበሩ። በውሻቸው ላይ አንዲት ቁንጫ ሳትታይ፣ ገና ሙቀቱ ሲጀምር መጥተው ትከሻው መካከል የሚደረገውን፣ ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ቁንጫ ኬሚካል ያለበትን ጠብታ ወሰዱ። ውሻውን መዘንኩት፣ ለክብደቱ የሚሆነውን መጠን መረጥኩ፣ ካርዱም ላይ «ጸጉሩን ከፈል አድርገው ቆዳው ላይ፤ በወር አንድ ጊዜ፤ ለሁለት ቀን አይታጠብ» ብዬ ጻፍኩ። ከጻፍኩት ውስጥ አንድም የተሳሳተ ቃል አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ሲከፈት ድመት በፎጣ ጠቅልለው ገቡ። ፎጣውን ስገልጠው የድመቷ ጆሮዎች ያለ ዕረፍት ይርገበገባሉ፣ የፊት እግሯን ውኃ የነካት ይመስል ደጋግማ ታራግፋለች፣ ከቆዳዋ ሥር ያለው ጡንቻ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ እንደ ማዕበል ይንቀሳቀሳል። ሙቀቷ 40.6 ነበር፤ የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ39.2 እምብዛም አያልፍም። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሲያይ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። የፐርሜትሪን መመረዝ ነው።

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው እስከ ዛሬ ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣም።

«እማማ፣ ትናንት ለውሻው የሰጠሁዎትን መድኃኒት ለድመቷም አድርገውላታል?» አልኳቸው።

«የለም ዶክተር፣ ለእርሷ ምንም አላደረግኩላትም።»

«ከቱቦው የተረፈች ትንሽ ጠብታም ብትሆን?»

«አንድም ጠብታ አላስነካኋትም።»

አላመንኳቸውም። ያላመንኩበት ምክንያት ነበረኝ፤ እንዲህ ዓይነት ድመቶች ሲመጡልን ብዙውን ጊዜ የውሻው መድኃኒት ተካፍሎ ተደርጎላቸው ነው። ድመት ትንሽ ውሻ ትመስላለችና፣ ግማሹ ወይም ሩቡ ይበቃታል ብሎ ማሰብ ለማንም ይቀላል። ነገር ግን ለውሻ ከሚዘጋጁት ጠብታዎች አንዳንዶቹ ከ45 በመቶ በላይ ፐርሜትሪን ይይዛሉ፤ የውሻ ጉበት ይህን ኬሚካል ሰባብሮ ያስወግደዋል፣ የድመት ጉበት ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ኢንዛይም በጣም አነስተኛ ስለሆነ መርዙ በሰውነቷ ውስጥ ይቆይና ነርቮቿን ያለ ማቋረጥ ይቀሰቅሳል። ያደረጉላት ባለቤቶች ደግሞ ጥፋታቸው ሲገባቸው ያፍራሉ፣ አፍረውም ይክዳሉ። እኔም እኚህን እናት ከእነዚያ ቆጠርኳቸውና ሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፄ የሐኪም ድምፅ አልነበረም።

«እማማ፣ እውነቱን ከነገሩኝ ነው ልረዳት የምችለው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ድመቴን ታቅፌ የመጣሁት ልዋሽህ ነው?» አሉኝ። ከዚያም ፎጣውን አጥፈው ደረታቸው ላይ ይዘው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ዝም አሉ።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ፐርሜትሪን ማርከሻ የለውም፤ የሚደረገው መንቀጥቀጡን ማስታገስ፣ ሙቀቱን መቆጣጠርና ሰውነቷ መርዙን እስኪያስወግድ ድረስ ደግፎ ማቆየት ነው። የደም ሥር ከፍተን ጡንቻ የሚያላላውን ሜቶካርባሞል ሰጠናት፤ ጡንቻዎቿ መላላት ሲጀምሩ ቀሪውን ቀስ እያልን ጨመርንላት። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል ጸጉሯ ላይ የቀረውን መድኃኒት ለማስወገድ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ማጠብ ጀመርኩ። ውኃው ለብ ማለቱ ዋና ነገር ነው፤ ትኩስ ውኃ የቆዳዋን የደም ሥሮች አስፍቶ መርዙ ይበልጥ እንዲገባ ያደርጋል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ብርዱ በሚያመጣው መንዘፍዘፍ መንቀጥቀጡን ያባብሳል።

መድኃኒቱ ተደርጎላታል ብዬ ስላሰብኩ መጀመሪያ ያጠብኩት ማጅራቷን ነበር። የማጅራቷ ጸጉር ግን ደረቅና ንጹሕ ነበር፤ ከፍዬ ቆዳዋን አየሁ፣ አሸተትኩትም፣ ምንም አልነበረበትም። አገጯን ለማጠብ ራሷን ቀና ሳደርገው ከአገጯ ሥርና ከጉንጮቿ ላይ ያለው ጸጉር በቅባት ተጣብቆ በቀጫጭኑ ተሰብስቦ ቆሟል፤ የመድኃኒቱም ሽታ ከዚያ ይመጣ ነበር። እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ወደ እናቲቱ ዞርኩ።

«ድመቷ የት ነው የምታድረው?»

«ከእርሱ ጋር ነዋ» አሉ፣ ውሻቸውን ማለታቸው ነበር። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንገቱ ሥር ተጠቅልላ ነው የምትተኛው። እርሱን ስትልስ ነው የምታነጋው።»

መልሱ መጀመሪያውኑ እርሳቸው ዘንድ ነበር፤ የሚጠይቃቸው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። እኔ ደጋግሜ የጠየቅኳቸው ያደረጉትን ነገር ነበር፣ እርሳቸውም ደጋግመው እውነቱን መለሱልኝ። ምንም ያላገኘሁበትን ማጅራት ከመጠየቄ በፊት በጣቴ ከፈት አድርጌ አይቼው ቢሆን ኖሮ፣ እኚያን የመሰሉ እናት በውሸት አልጠረጥራቸውም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቅርታውን ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉኝና አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «ታዲያ ይህን ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ ጉዳዩን ለኃላፊዬ ሳስረዳ ግን እርሱ መልስ ነበረው፤ «ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ ጠብታው እስኪደርቅ ድመት ከውሻው ይራቅ ይላል፤ ማንበብ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው» አለኝ። ጽሑፉ በርግጥ አለ። ነገር ግን እኛ ባለ ብዙ ቱቦውን ካርቶን ከፍተን ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንዳንድ ቱቦ ነው የምንሰጠው፤ ማስጠንቀቂያው የታተመበት ካርቶንና በውስጡ የታጠፈው ወረቀት በዚያች ሰዓት እርሱ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኳቸው። ወረቀቱን ዘርግቶ ጥቂት ካነበበ በኋላ መልሶ አጠፈው። በዚያ ቀን ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገርንም።

የድመቷ መንቀጥቀጥ ሙሉ በሙሉ የተወው ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ራሷ ተነሥታ በላች፣ በዚያው ቀንም ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከሕክምናው ይልቅ ብዙ ያሳሰበኝ የመጀመሪያው ቀን ምክሬ ነው። መመረዙ ባይደርስ እንኳ ምክሩ ግማሽ ነበር። ውሾች ላይ በብዛት የምናገኘው ቁንጫ ራሱ የድመት ቁንጫ የሚባለው ዝርያ ነው፤ አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉም ከጸጉሩ ላይ እየረገፈ መኝታው ውስጥ ይቀራል። በአንድ ቤት ካለው የቁንጫ ብዛት በእንስሳው ላይ የሚታየው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በእንቁላልነት፣ በእጭነትና በድር ተጠቅልሎ በተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ምንጣፍና ፍራሽ ውስጥ ይጠብቃል፣ የተጠቀለለውም ለወራት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ከውሻው ጋር በአንድ መኝታ የምታድር ድመት መኖሯን ሳላውቅ ውሻውን ብቻ ማከሜ ወቅቱን ሙሉ ቁንጫው ከእርሷ ወደ እርሱ እንዲመላለስ በሩን ክፍት መተው ነበር። መከላከል ማለት በቤቱ ያሉትን እንስሳት ሁሉ፣ ለየዝርያቸው በተፈቀደ መድኃኒት፣ በአንድ ጊዜ ማከም፣ መኝታቸውንም በፍል ውኃ ማጠብ ነው፤ ይህን ደግሞ አብረው ማን ከማን እንደሚኖሩ ሳይጠይቁ መምከር አይቻልም።

ለሁለቱም ሰላሜክቲን ያለበትን ጠብታ፣ ለየራሳቸው በተዘጋጀ መጠን መረጥኩላቸው፤ ፐርሜትሪን የሌለበትና ለውሻም ለድመትም የሚሰጥ ነው። እርሱንም ቢሆን እስኪደርቅ ድረስ ለየብቻ እንዲያቆዩአቸው ነገርኳቸው። እናቲቱ ወረቀቱን ጠይቀው ተቀበሉ፣ እዚያው ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

አሁን የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ፎቶኮፒ ከእያንዳንዱ ቱቦ ጋር እንሰጣለን፤ ይህን ያዘዘው ኃላፊዬ ነው። ካርዱ እንደ አዲስ ሲታተም «ቤት ውስጥ ሌላ እንስሳ አለ?» የሚል መስመር ገባ። «የት ያድራሉ?» የሚለውን መስመር ግን ቦታ ይይዛል በሚል አስቀርቶታል። ስለዚህ እኔ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው የሙቀት ወቅት አንድ ወጣት ትልቅ ውሻ ይዞ መጥቶ ያንኑ የፐርሜትሪን ጠብታ ጠየቀኝ። ሌላ እንስሳ እንዳለው ስጠይቀው «የለኝም» አለ፤ በታተመው መስመር ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ ውሻው የት እንደሚያድር ጠየቅኩት።

«በረንዳ ላይ» አለኝ። ትንሽ አሰብ አድርጎም፣ «ሲበርድ የጎረቤታችን ድመት መጥታ አጠገቡ ትተኛለች፤ እንደ ወንድማማች ናቸው» ብሎ ጨመረልኝ።

ቱቦውን ወደ መሳቢያው መለስኩትና ውሻው የሚጥል በሽታ ይዞት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ በጠብታው ፈንታ የሚዋጠውን የቁንጫ ክኒን ልሰጠው ስላሰብኩ ነበር፣ ክኒኑ ያንን በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላልና።