ኢቤይ ላይ የምኒልክን ብር ከመጫረታችሁ በፊት

የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ በሆነው ኢቤይ ላይ «ኢትዮጵያ» ብላችሁ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ካልሞከራችሁ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ግን ካርዳችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ ይሁን። የምኒልክ ብር አለ። ጠገራ፣ ያ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት የብር ሳንቲም፣ አለ። የጃንሆይ ቴምብር በየጥራዙ፣ የጣልያን ወታደሮች በወረራው ዘመን ያነሷቸው ፎቶዎች፣ ፖስት ካርድ፣ መስቀል፣ ሜዳሊያ፣ ምኑ ቅጡ። እኔ የድሮ ሳንቲምና ፖስት ካርድ እሰበስባለሁ፤ ሜሪላንድ ተቀምጬ አብዛኛውን ያገኘሁት ከዚያው ነው።

ይህን የሚያውቁ ወዳጆቼ ሰሞኑን መጠየቅ አብዝተዋል። «ይሄ ኦሪጅናል ነው?» «ስንት ልበል?» «ሰውየው በዜል (በአሜሪካ ባንኮች ገንዘብ መላኪያ) ላክልኝ አለኝ፣ ልላክለት?» የመጨረሻዋ መልስ አጭር ናት፤ እንዳትልክ። ሌላው ግን ትንሽ ወሬ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ከምደግመው እዚህ ላስቀምጠው።

ጨረታ ላይ ዋጋውን የሚያወጣው ዕቃው አይደለም፣ የፈለጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲጀመር፣ መሥራቹ ፒየር ኦሚዲያር መጀመሪያ ሸጠው የሚባለው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነው። በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ሄደ። ገዢው መበላሸቱን እያወቀ ነው የገዛው፤ የተበላሸ ሌዘር የሚሰበስብ ሰው ነበር፣ በቃ። እንግዲህ ሁለት ፈላጊዎች እስከተገናኙ ድረስ ማንኛውም ነገር ማንኛውንም ዋጋ ሊያወጣ ይችላል፣ ከሁለቱ አንዱ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ነው መግባት ያለባችሁ። ያለዚያ ቁጥሩን የማታውቁት ሰውዬ ያወጣላችኋል።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ጠገራን እንውሰድ። ማርያ ትሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ 1780 እንደያዘ ነው የተመታው። ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሳይቀር መትተውታል፣ ቪየናማ ዛሬም ትመታለች። ስለዚህ ሻጩ «የ1780 ጥንታዊ ሳንቲም» ብሎ በትልቁ ሲጽፍ ወይ አያውቅም፣ ወይ እናንተ አታውቁም ብሎ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ይህ 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል፣ የአንድ ትሮይ አውንስ (የወርቅና የብር መመዘኛ) ሦስት አራተኛ ማለት ነው። የዕለቱን የአንድ አውንስ የብር ማዕድን ዋጋ አይታችሁ በ0.75 አባዙት፤ ጠገራው ቀልጦ ቢሸጥ የሚያወጣውን ታገኛላችሁ። ተራ ጠገራ ከዚያ ብዙም አይርቅም። እጥፍ የሚጠይቃችሁ ካለ የት እንደተመታና ምን ልዩ እንደሚያደርገው ይንገራችሁ።

የምኒልክ ብር ግን በሚዛን አይለካም። እሱ ላይ ዋጋውን የሚወስኑት የተመታበት ዓመት፣ በመታሸት ማለቅ አለማለቁና እንደ ጌጥ ተበስቶ አንገት ላይ ውሎ እንደሆነ ነው (የተበሳውን ሰብሳቢ አይወደውም፣ እኔ ግን የሆነች ሴት አንገት ላይ እንደነበረ ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ዋጋውም ይረክሳል)። እዚህ ላይ የሚረዳችሁ «ሶልድ አይተምስ» የሚለው ማጣሪያ ነው። የተሸጡትን ብቻ፣ ከነተሸጡበት ዋጋ ያሳያል። የተጠየቀውን ዋጋ እርሱት። ማንም ሰው 900 ዶላር ብሎ መለጠፍ ይችላል፣ የከፈለ ሰው አለ ወይ ነው ጥያቄው።

እኛ ደግሞ ከሌላው ተጫራች የምንበልጥበት ነገር አለ። ማንበብ እንችላለን! ብዙ ሻጭ ሳንቲሙ ላይ ያለውን ፲፰፻፹፯ ከካታሎግ ላይ 1887 ብሎ ይገለብጥና እንደ ፈረንጅ ዘመን ይቆጥረዋል። በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ 1894 ወይም 95 ማለት ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ሻጩ ዕቃውን እንደማያውቀው ብቻ ይነግራችኋል። ፎርጅዱ ላይ ግን ፊደሉ ራሱ ይናገራል። በቅርጽ ማውጫ ቀልጦ የተቀዳ ሳንቲም ላይ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ቃል ውፍረቱ ይለዋወጣል፣ የፊደሎቹ ጫፍ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም የትኛውም ፊደል ያልሆነ ምስል ይገባበታል። ፎቶውን አሳድጋችሁ አንብቡት። ሌላ ጥቅምም አለ፦ ሻጮቹ ስሙን እንደመሰላቸው ነው የሚጽፉት። ምኒልክን በየዓይነቱ ያጣምሙታል፣ ኢትዮጵያን ትተው «አቢሲንያ» የሚሉ አሉ፣ የኛን መስቀል ሁሉ «ኮፕቲክ» ይሉታል። በተጣመመው ስም ፈልጉ። ሌላው ሰው ያላየው ጨረታ እዚያ ነው ያለው።

አሁን ወደ መጫረቱ። ኢቤይ ላይ የምታስገቡት ቁጥር ወዲያው የምትከፍሉት አይደለም፣ ጣሪያችሁ ነው። ጣሪያውን ለሌላ ሰው አያሳይም። ሲስተሙ በእናንተ ስም የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ከፍ እያደረገ ይሄዳል። ምሳሌ ልስጥ። አንድ ፖስት ካርድ 32 ዶላር ላይ ቆሟል። እናንተ 61 ብላችሁ አስገባችሁ፣ የሌላው ሰው ጣሪያ 45 ነው። በ46 ታሸንፋላችሁ እንጂ 61 አትከፍሉም። ስለዚህ አንዴ፣ እውነተኛ ጣሪያችሁን ማስገባት ይበቃል። ችግሩ ሰው እንደዚህ አያደርግም። 35 ይላል፣ «ተበልጠሃል» የሚል መልእክት ይመጣለታል፣ ይናደድና 38 ይላል፣ ከዚያ 42፣ ከዚያ ሰዓቱ ሲቀርብ ነገሩ ፖስት ካርድ መሆኑ ቀርቶ ሰውዬውን ማሸነፍ ይሆናል።

የመጨረሻ ሴኮንድ ላይ ማስገባት የሚባለው ነገር ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ኢቤይ ላይ ጨረታው በተባለው ሰዓት ይዘጋል፣ አይራዘምም። የ2012ን የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተጋራው አልቪን ሮት ከአክሰል ኦከንፌልስ ጋር በ2002 ባወጣው ጥናት ይህንኑ አይቷል፤ ያኔ አማዞንም ጨረታ ነበረው፣ እዚያ ግን መጨረሻ ላይ ዋጋ ከተሰጠ ሰዓቱ ይራዘም ነበር፣ እናም የመጨረሻ ደቂቃ እሽቅድምድሙ ኢቤይ ላይ በጣም ይበዛ ነበር። እኔም የማደርገው እንደዚያ ነው። ጣሪያዬን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ሊዘጋ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀረው አንዴ አስገባለሁ፣ ክብ ቁጥር አልጠቀምም፣ 60 ሳይሆን 61 ከምናምን። ተሸነፍኩ? ኮምፒውተሩን ዘግቼ ቡና አፈላለሁ። ያ ሳንቲም ደግሞ ይመጣል፣ ሁሌም ይመጣል።

አንዳንዴ ዋጋ ሲሰጥ የምታዩት «ተጫራች» የሻጩ ሰው ነው። መርካቶ ውስጥ ገዢ መስሎ ቆሞ «እኔ በዚህ እወስደዋለሁ» የሚለውን ሰው ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ ራሱ ነው። ክልክል ነው፣ ግን አለ። የዋጋ አሰጣጡን ታሪክ ክፈቱት። ምንም ግምገማ የሌለው አዲስ ተጫራች እየደጋገመ ትንሽ ትንሽ የሚጨምር ከሆነና የሚጫረተውም ከዚሁ ሻጭ ብቻ ከሆነ ውጡ። ወረቀታችሁ ላይ የጻፋችሁት ጣሪያ ካለ ግን ይህም ብዙ አይጎዳችሁም።

ሻጩን ስትመረምሩ መቶኛውን ብቻ አትዩ። 100 በመቶ የሆነ ሰው ያገኘው ግምገማ ሁሉ የስልክ ሽፋን በመሸጥ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ሳንቲም ሸጦ ያውቃል? ገዢዎቹ ምን አሉ? ለዓመታት ዝም ብሎ የከረመ አካውንት ድንገት ውድ ውድ ዕቃ ቢደረድር የተጠለፈ ሊሆን ይችላል። ገለጻውንም እስከ መጨረሻው ቃል አንብቡ። «ያልተሞከረ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ተሞክሮ አልሠራም ማለት ነው። «በዚያ ዘመን ስልት የተሠራ» ማለት አሁን የተሠራ ማለት ነው። ቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የምታዩት ዓይነት መስቀል «18ኛው ክፍለ ዘመን» ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ፣ ያውም ተጫራቾች ነበሩት።

ለሀገር ቤት ስልክ ልትልኩ ከሆነ ያው ነው፣ አነባበቡ ነው የሚያድናችሁ። ከኔትወርክ ኩባንያ ያልተቆለፈ መሆኑ መጻፍ አለበት። አይክላውዱ (የቀድሞው ባለቤት የአይፎን አካውንት) የተፈታ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ እንደሌላቸውም አትርሱ፤ እናታችሁ ሲሟን ይዛ ቀዳዳ ስትፈልግ እንዳትውል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ እኔ ድርድር አላውቅም። ክፍያ እዚያው ኢቤይ ውስጥ፣ በክሬዲት ካርድ። ዴቢት አይደለም። «ከዚህ ውጭ እንጨርስ፣ ቀንሼ እሰጥሃለሁ» ያለ ሰው ዜልም ይበል፣ የስጦታ ካርድ ቁጥርም ይበል፣ የፔይፓል የወዳጅና የቤተሰብ መላኪያም ይበል፣ መልሱ አንድ ነው። በእነዚህ መንገዶች የሄደ ገንዘብ የኢቤይ ዋስትና አያገኘውም። ጨረታውን ከተሸነፋችሁ በኋላ «አሸናፊው ስላልከፈለ ለአንተ ልስጥህ» የሚል ኢሜይል ቢመጣ ደግሞ፣ እውነተኛ ከሆነ ኢቤይ ውስጥ ባለው የመልእክት ሳጥናችሁ ውስጥም ይታያል። እዚያ ከሌለ ውሸት ነው።

ጣሪያችሁን ስትጽፉ ማጓጓዣውንና ታክሱን ደምራችሁ ይሁን። በ99 ሳንቲም የሚጀምር ሳንቲም 25 ዶላር ማጓጓዣ ይዞ ይመጣል። ከጣልያንና ከጀርመን ሻጮች የምትገዙ ደግሞ፣ ወደ አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ከኦገስት 29፣ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። የጣልያን ፖስት ካርድ ወዳጆች፣ አዝናለሁ።

ዕቃው ሲመጣ ጥቅሉን ስትከፍቱ ቪዲዮ ቅረጹ። ከዚያ ወዲያው መዝኑት፣ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ብር ማግኔት አይስበውም። የጠገራውን ጠርዝ ዙሪያውን እዩት፣ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ መኖር አለበት፤ ቀልጦ የተቀዳው ፎርጅድ እዚያ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው። አያቶቻችን የማርያ ትሬዛን የደረት ጌጥ ዕንቁዎች እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሉት ይባላል፣ ዘጠኝ ናቸው። ፖስት ካርዱን በአጉሊ መነጽር ስታዩት ምስሉ ከጥቃቅን ነጠብጣቦች ከተሠራ የታተመ ነው፣ ከፎቶ ወረቀት ላይ የታጠበ አይደለም። «ኦሪጅናል ፎቶ» ተብሎ ከተሸጠላችሁ ተታላችኋል። ከተባለው የተለየ ከሆነ ከደረሳችሁበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አላችሁ። ሻጩ «አልመልስም» ብሎ ጽፎ ቢሆንም እንኳ ዋስትናው አይቀርም። መጀመሪያ ለሻጩ እዚያው በኢቤይ በኩል ጻፉ፣ በሦስት የሥራ ቀን ካልፈታው ኢቤይ እንዲገባበት ጠይቁ። ስልክ አትደውሉለት፣ የተጻፈ ነገር ነው የሚያስፈልጋችሁ።

አንድ ነገር ግን በምንም ዋጋ አልጫረትም። ብራና። የጸሎት መጻሕፍት፣ ክታብ፣ ገጽ በገጽ ተገንጥሎ የሚሸጥ ዳዊት፣ ኢቤይ ላይ ሞልቷል። 209/1992 የሚባለው አዋጅ ቅርስን ያለፈቃድ ከሀገር ማውጣት ይከለክላል፣ ሻጮቹ ግን ፈቃዱን ሲያሳዩ አይቼ አላውቅም። ወዳጆቼ «ከፈረንጅ እጅ ማዳን ነው» ይሉኛል። እኔ አይመስለኝም። አንዱን ስትገዙ ዋጋው ይጨምራል፣ ዋጋው ሲጨምር ከሌላ ደብር ሌላ ይወጣል። ይልቅ ጨረታ ማስቆም እንደሚቻል አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ ኤምባሲያችን ጠይቆ ወጡ፣ በዚያው ዓመትም አዲስ አበባ ገቡ። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ፎቶዎቹን በሙሉ፣ የዕቃውን ቁጥርና የሻጩን ስም ስክሪንሾት አድርጉና ለኤምባሲው ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ላኩ። ገጹ ከተነሳ ምስሉ አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ለነገ አታሳድሩት።