ከማሰሪያ አንቀጹ በኋላ ዝም ማለት

ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አብጠርጥሮ የሚያውቅን ሰው የሚያስገምቱት «እ…»፣ «እንትን»፣ «ያው» እና «ማለት ነው» ናቸው። የሚገቡት ዝምታ መቀመጥ በነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ አነጋገሬን ማረም የጀመርኩት ቦታውን ለዝምታ በማስለቀቅ ነው። «እ አትበል» እያሉ ራስን መቆጣት አፍን የባሰ ያስራል።

መነሻው የስልክ ድምፅ መቅጃ ነው። በማውቀው ጉዳይ ላይ ያለ ወረቀት ሁለት ደቂቃ ተናግሬ ቀዳሁ፤ ከዚያ «እ…» ያልኩበትን ሁሉ ሳልዘል ቃል በቃል ጻፍኩት። ወረቀቱ ላይ የሚታየው የብዙዎቻችን አመል ነው፦ «ሄደን፣ አይተን፣ ተነጋግረን፣ ተስማምተን…» እያለ አንዱ ቦዝ አንቀጽ (ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ግስ) ሌላውን ይጎትታል፣ አራት ነጥቡ አይመጣም። ትንፋሽ የሚያልቀው ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ ማሰሪያ አንቀጹ ጋ ሲደረስ ነው። አማርኛ ደግሞ ቁም ነገሩን የሚያስቀምጠው እዚያው መጨረሻ ላይ ነው። «ክፍያውን እስከ ሰኔ 30 አናጠናቅቅም» ሲባል የመጨረሻዋ ቃል ከተዋጠች፣ ሰሚው ክፍያው ያልቅ አያልቅ ሳያውቅ ከስብሰባው ይወጣል።

ከሁለት ቦዝ አንቀጽ በላይ የተቀጣጠለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሰበርኩት። ቀጥሎ ለሥርዓተ ነጥቡ ጊዜ መደብኩለት፦ ነጠላ ሰረዝ ላይ ግማሽ ሰከንድ፣ አራት ነጥብ ላይ አንድ ሙሉ ትንፋሽ፣ ሐሳብ ሲቀየር ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ። ሰከንዱን ለመቁጠር ማንም የማያየው መንገድ አለ፤ ጫማ ውስጥ አውራ ጣትን ቀስ ብሎ መጫንና መልቀቅ። ለልምምድ የአዲስ ዘመን ርዕሰ አንቀጽን ጮክ ብሎ ማንበብ ጥሩ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ስለሆኑ ትንፋሽን ይፈትናሉ።

በእረፍቱ ጊዜ አፍ ይገጠማል፣ አየር በአፍንጫ ይገባል። አፍ ክፍት ከሆነ «እ…» ሾልካ ትወጣለች፤ ማይክ ካለ ደግሞ የትንፋሹ ድምፅ ራሱ አዳራሹን ይሞላል። ሆድ ወደ ፊት መገፋት አለበት። የተነሳው ትከሻ ከሆነ አየሩ ከላይ ብቻ ገብቷል፣ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገርም መሀል ላይ ያጥራል።

ሁለት ሰከንድ ለተናጋሪው ዘላለም ይመስላል። ምክንያት አለው፤ በተራ ጨዋታ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪቀበል ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። በዚህ የለመደ ሰው አሥር እጥፍ ሲጠብቅ ቢጨንቀው አይገርምም። ቅጂውን መልሶ መስማት ያረጋጋል፤ ሲናገሩት የረዘመው ዝምታ ሲያዳምጡት አጭር ነው። አድማጮችም ያደናግራሉ። ተናጋሪ ሲያርፍ «እህ»፣ «እሺ» እንላለን፣ ወይም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን አዎንታ እናሰማለን። ጀማሪ «ቶሎ በል» ያሉት ይመስለውና ይጣደፋል፤ ሰዎቹ ግን እየሰሙት ነው።

የከበደኝ ንጥቂያው ነው። አለቆችና ጋሼ የሚባሉ ሰዎች ባሉበት ስብሰባ ወጣት ተናጋሪ አራት ነጥብ ላይ ካረፈ ጨርሷል ተብሎ ሌላው ይገባል። እዚህ ላይ ዝምታውን ከማሰሪያው በፊት አመጣዋለሁ። «ሥራውን ያዘገየው…» ብዬ አርፋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ እንዳልተዘጋ የአማርኛ ጆሮ ያውቃል፣ ይጠብቃል። ከዚያ «የሲሚንቶ አቅርቦቱ ነው» በአንድ ትንፋሽ። በ«አቅርቦቱ» እና በ«ነው» መካከል ማረፍ ግን አይሆንም፤ ቃል የጠፋበት ሰው ያስመስላል። ዘዴው በአንድ ንግግር ከሁለት ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ደግሞ ተናጋሪው የቴሌቪዥን ሽልማት አስተዋዋቂ ይሆናል።

ቁጥር መሀሉ አይቆረጥም። «4 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር ጎድሎናል» ተብሎ እስከ መጨረሻው ይነገርና ሰዎች ጽፈው እስክሪብቶ እስኪያነሱ ይጠበቃል። ጥያቄ ሲመጣ ዓይን ከጠያቂው ሳይነቀል አንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ መልስ። ያው ዝምታ ጣሪያ እያዩ ሲሆን «አላውቅም» ማለት ይሆናል።

ክፍሉም ይወስናል። እንደ ማዘጋጃ ቤት ባለ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ማሚቶው ሳያልቅ የሚቀጥል ሰው ቃላቱ ይደራረቡበታል፤ እዚያ በየአራት ነጥቡ ግማሽ ሰከንድ እጨምራለሁ። ፒያሳ መንገድ ዳር ባለ ክፍል የመኪና ጥሩምባ ሲጮህ ጮክ ከማለት ይልቅ እስኪያልፍ ማረፍ ነው። ያቋረጠው ጥሩምባው ስለሆነ ዝምታው አያሳጣም።

በስልክና በዙም አብዛኛው ይህ አይሠራም። ፊት ስለማይታይ ወይም ኔትወርክ የተቋረጠ ስለሚመስል ትንሽ ዝም ከተባለ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ይመጣል። ማሰብ ሲያስፈልግ አስቀድሜ «አንድ ጊዜ ወረቀቱን ልመልከት» እላለሁ። ከዚያ አምስት ሰከንድ ዝም ቢባልም ሄሎ የሚል የለም።