ጥላው ወዴት ነው የሚሄደው?

የምሠራበት ማተሚያ ቤት አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር። ቢዝነስ ካርድ፣ ባነር፣ የሠርግ ጥሪ እንሠራለን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በብዛት የሚመጣልን የግድግዳ ፎቶ ነው። ሰፈሩ አዲስ ነው። ሰው ቤት ይገባል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ከዚያ ባዶ ግድግዳ ያፈጥበታል። "ዋው የሚያሰኝ ነገር ሥሩልኝ" ብሎ ይመጣል።

ይህን ሥራ በጣም ነው የምወደው። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ በአውራ ጣት ተገፍቶ ያልፋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ግን ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር ይኖራል። ሰው ሻዩ እስኪመጣለት ድረስ ያየዋል። ነገም ያየዋል። ስለዚህ ፎቶው ውስጥ ያለ ጥሩ ነገርም መጥፎ ነገርም ተደብቆ አይቀርም።

አንድ ቀን በጥር ወር ቁርስ ቤት የከፈተች ሴት መጣች። ግድግዳዋ ላይ የረር ተራራን ትፈልጋለች። "ጠዋት በር ስከፍት የማየውን ነው የምፈልገው፤ ፀሐይዋ ከላዩ ብቅ ስትል። ግን ግርማ ይኑረው" አለች። የረር ከኛ ሰፈር በስተምሥራቅ ነው። ጭጋግ ከሌለ በየቀኑ እናየዋለን። ከከተማው መሀል የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀን ስለሱ ነው።

ፎቶውን ልጇ ከኮንዶሚኒየሙ ላይ በስልክ አንስቶታል። በቴሌግራም ላከችልን። ስንከፍተው ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ብቻ ነው። ይህ በየቀኑ የሚገጥመን ነገር ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል። 1280 ፒክስል 2 ሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ከስድስት ነጥብ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ሞዛይክ ነው። "እንደ ፋይል ላኪው" አልናት። ሲመጣ 4000 በ3000 ሆነ። በሴንቲ ሜትር 20 ነጥብ ማለት ነው። በእጅ ለሚያዝ ፎቶ አይበቃም፤ ሦስት ሜትር ርቆ ለሚታይ ግድግዳ ግን ይሄዳል።

ኤዲቱን የሠራው የሥራ ባልደረባዬ ነው። እጁ የተባረከ ልጅ ነው። የፎቶውን ሰማይ ባዶ ሆኖ አገኘው። ፎቶሾፕ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰማይ የሚቀይር መሣሪያ አለው፤ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ተራራውን ከሰማዩ ለይቶ አዲስ ሰማይ ያለብስልሃል። እሱም ከተራራው ጫፍ በላይ የምትወጣ ትልቅ ፀሐይ፣ ዙሪያዋን የሚንቀለቀል ደመና አስገባበት። ቀለሙን ወደ ወርቅማ ወሰደው። ስክሪን ላይ ሲታይ በእውነት ያምራል። የቁርስ ቤቱ ባለቤትም "እንዲህ ነው እንጂ!" አለች። በስቲከር ታተመ፣ ማት ላሜኔሽን (የማያብረቀርቅ ስስ የላስቲክ ሽፋን) ተደረገበት፣ ተለጠፈ።

ስለ ላሜኔሽኑ አንድ ነገር ልበል። ምግብ ቤት ውስጥ የሚያብረቀርቅ አይለጠፍም። ከፊት ለፊቱ መስኮት ካለ ሰው የሚያየው ተራራውን ሳይሆን የመስኮቱን ነጸብራቅ ነው። እንፋሎትና ዘይት ስላለ ደግሞ ያለ ላሜኔሽን የትም አይደርስም፤ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለበት።

ስቲከሩ በተለጠፈ ማግስት ለቁርስ ቤቱ ወተት የሚያመጡ አባት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ግድግዳውን ያዩ ጀመር። ዕድሜያቸውን እዚሁ አካባቢ ያረሱ ሰው ናቸው። እኔና ባልደረባዬ ቁርስ እየበላን ነበር። ዝም ብለው ቆዩና ባለቤቷን ጠየቋት።

"ልጄ፣ ይሄ የረር ነው?"

"አዎ አባባ። አያምርም?"

"ያምራል። ግን የዚህ እንጨት ጥላ ወዴት ነው የሚሄደው?"

ፎቶው ላይ ከፊት በኩል የመብራት እንጨት አለ። ጥላው ወደ ተራራው ተዘርግቷል። ፀሐይዋ ደግሞ ተራራው አናት ላይ ናት። አባት በጣታቸው አሳዩን። "ፀሐይ ከፊቱ ሆና ጥላው ወደ ፀሐይ ይሄዳል እንዴ? ደግሞ በጥር ከመሀል አትወጣም። በዚህ በቀኝ ትከሻው በኩል ነው።"

ባልደረባዬ የያዘውን እንጀራ ሳይጎርሰው ቀረ። አንዴ ከታየ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አይቻልም። ልጁ ፎቶውን ያነሳው ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ከጀርባው ነበረች። ስለዚህ ተራራው ፊቱ በርቷል፤ ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይታያል። ጠዋት ፀሐይ ከኋላው ስትወጣ ግን የረር ጥቁር ሆኖ ነው የሚቆመው። ጥላ ሁሉ ወደኛ ነው የሚመጣው። ሰማይ የሚቀይረው መሣሪያ የመሬቱን ቀለም ከአዲሱ ሰማይ ጋር ያስማማል፤ የጥላን አቅጣጫ ግን አይገለብጥም። የአባት ሌላውም ነገር ልክ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ቦታ አትወጣም። በመስከረምና በመጋቢት ከቀጥታው ምሥራቅ ትወጣለች፤ በታኅሣሥና በጥር ወደ ደቡብ ትሸሻለች፤ በሰኔ ወደ ሰሜን። ምሥራቅን ለሚያይ ሰው ደቡብ በቀኙ ነው። ይህን እኛ ከመጽሐፍ አነበብነው። እሳቸው ከማሳቸው ላይ ያውቁታል።

ባለቤቷ አልተቆጣችም፤ ግን ከፋት። "እዚህ የሚበሉት እኮ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው" አለች። ስቲከሩ ተላጠ። ወጪው በእኛ ሆነ።

ሱቅ ስንመለስ ባልደረባዬ ተከራከረኝ። "ፎቶ ማሳመር ሥራችን ነው። ፀጉር ቤቶች መብረቅ የሚተፋ አንበሳ ሲያዙን እሠራለሁ። ያኔ ማን ጠየቀኝ?" አለ። እውነቱን ነው። መብረቅ የሚተፋ አንበሳ ላይ ማንም እውነት አይፈልግም፤ ያዘዘውም ያየውም ምናብ መሆኑን ያውቃል። የረር ግን የሰው ጎረቤት ነው። ሴትየዋ "በር ስከፍት የማየውን" ብላ ነው ያዘዘችው። የጎረቤትን ፊት ስታሳምር ዓይኑን ከቦታው አታነሳም።

ያኔ አንሰል አዳምስ የሚባለውን አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ አነሳሁለት። በ1941 እ.ኤ.አ. ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሄርናንዴዝ የምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ አንስቷል። በጣም ታዋቂ ፎቶ ነው። አዳምስ ኤዲት የማያደርግ ሰው አልነበረም። ፎቶ በሚታተምበት ጨለማ ክፍል ውስጥ በእጁና በካርቶን ብርሃኑን አንዱ ጋ ይከለክላል፣ ሌላው ጋ ይጨምራል። ፎቶሾፕ ውስጥ ዶጅ (ማፍካት) እና በርን (ማጥቆር) የምንላቸው መሣሪያዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው። የዚያን ፎቶ ሰማይ ዓመታት ባለፉ ቁጥር እያጠቆረ ነበር የሚያትመው፤ ኋላ ላይ ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጨረቃዋን ግን ከቦታዋ አላነቃነቃትም። እሱ ራሱ ያነሳበትን ቀን በትክክል አያስታውስም ነበር። በኋላ የሥነ ፈለክ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች የጨረቃዋን አቀማመጥ አስልተው ኖቬምበር 1 ቀን 1941፣ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ደረሱበት። ሰማዩ ያን ያህል ተነክቶ እንኳ ፎቶው ቀኑን ይናገራል። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ "ነገ ጠዋት እንውጣ" አለኝ።

ወጣን። ብርዱ ሌላ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ሥር ቆምን። ችግሩ ወዲያው ታየ። ለሰማዩ ብርሃን ስታስተካክል መሬቱ ይጨልማል፤ ለመሬቱ ስታስተካክል ሰማዩ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ባልደረባዬ ካሜራው በትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ ሳይነቃነቅ አንድ ለሰማዩ፣ አንድ ለተራራው፣ አንድ ለቤቶቹ አነሳ። በኋላ ፎቶሾፕ ውስጥ በሌየርና በማስክ፣ ማለትም ደራርቦ የማይፈለገውን ክፍል እየሸፈነ፣ አዋሃዳቸው። ሦስቱም የዚያው ጠዋት፣ የዚያው ቦታ ብርሃን ናቸው። ፀሐይዋ አባት እንዳሉት በቀኝ በኩል ወጣች።

ኤዲቱ ላይ ምንም አልሳሳም። የደመናውን ሆድ አጠቆረው። ከጣሪያዎቹ የሚነሳውን የማለዳ ጭስ ትንሽ አፈካው። ዳር ዳሩን አጨልሞ ዓይን ወደ ብርሃኑ እንዲሄድ አደረገ። ከዚያ ሙሉውን ከማተሙ በፊት ቁራጭ አትሞ ቁርስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያዘው። ይህን ሁልጊዜ ማድረግ ያስፈልጋል። ስክሪን ራሱ ብርሃን ይሰጣል፣ ወረቀት ግን የክፍሉን ብርሃን ነው የሚጠብቀው። እንደተፈራውም ተራራው ጥቁር ግድንግድ ሆኖ ወጣ። ጥላዎቹን ከፈት አድርጎ እንደገና ሞከረ። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ የተራራው ጠርዝና ከሥሩ ያሉት ዛፎች ተለዩ።

ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ነው የሚያስደነግጠው። ተራራው ጠቁሮ፣ ብርሃኑ ከትከሻው ላይ ሲፈስ፣ የመብራት እንጨቱ ጥላ ወደ ተመልካቹ ሲመጣ፣ የሚበላው ሰው ራሱ እዚያ ብርሃን ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል።

አሁን ባልደረባዬ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሰዓት ላይ ነው የተነሳው? ፊትህ ወዴት ነበር?" ብሎ ነው። ባለቤቷ ደግሞ ለሌላኛው ግድግዳ የሰኔውን የረር አዛለች፤ ፀሐይዋ በግራ ትከሻው በኩል ስትወጣ። ክረምቱ ደመና ስለሚያበዛ ስንት ጠዋት እንደሚፈጅ አናውቅም። ቀብዱን ግን ከፍላለች፤ ባልደረባዬም ከኮንዶሚኒየሙ ጠባቂ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል።